መንታው ያላየው ሰው

የቀትር እንቅልፍ ሰዓት አልቆ መብራቱ ሲበራ ሁሉም ተነሣ፤ ካይ ብቻ ቀረ።

የሰባተኛው ፎቅ ሠራተኞች እንደ ወትሯቸው ሰሌናቸውን እየጠቀለሉ፣ ትራሳቸውን ጠረጴዛ ሥር እየሸጎጡ፣ ፊታቸውን እያሻሹ ነበር። ዳይሬክተሩ ሎክ በሰርቨር ክፍሉ መስታወት አሻግሮ አየና «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ አበዛው» አለ። ካይ ዘወትር የሚተኛው እዚያ ነው። ማሽኖቹን የሚያቀዘቅዘው አየር ለእሱም ይተርፈዋል፤ በከተማችን በዳናንግ የሰኔ ሙቀት ይህን የሚንቅ ሰው የለም። ሎክ መስታወቱን ቆረቆረ። በሩን ከፈተ። በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ድምፁ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የደወለው ለአምቡላንስ እንዳይመስላችሁ። ከሰዓት በኋላ ውል ሊፈርሙ ለሚመጡት የሆስፒታል ሰዎች ነው፤ «ትንሽ ዘግየት ብላችሁ ብትመጡ» አላቸው። ሰው ወለል ላይ ተዘርግቶ። እኔ ይህን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

መርማሪዋ ሻለቃ ቢክ ስትደርስ የፖሊሱ ሐኪም ሬሳውን እያየ ነበር። አጭርና ወፍራም፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜቷን እንደ ዘንቢል ክንዷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር ሴት ናት። ሰላም ሳትል ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ልቡ ነው?»

«ልቡስ ደህና ነበር» አለ ሐኪሙ። «አየር አጥቶ ነው የሞተው። ጣሪያው ላይ የእሳት ማጥፊያ ጋዝ አለ፤ ሲለቀቅ አየሩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። የታንኩን መለኪያ አይቼዋለሁ፣ ጎድሏል። በኋላ ማራገቢያው ጠርጎ አውጥቶታል።»

«ይህ ጋዝ ሲለቀቅ ደወል አይጮህም?»

«በእንቅልፍ ሰዓት ደወሉን እናጠፋዋለን» አለ ሎክ ከኋላ። «ለሙከራ እየጮኸ ስንቴ ሰው ቀስቅሷል መሰለዎት።»

«ጥሩ» አለች ቢክ። «የሚያድናችሁ ነገር እንቅልፍ ስለሚነሳችሁ አጠፋችሁት። ይቀጥሉ፤ ጋዙን ማነው የሚያዘው?»

ሎክ እንደ ሻጭ ደረቱን ነፋ። «ይህ ቢሮ የሥራችን ማሳያ ነው። በሩን፣ መብራቱን፣ ጋዙን የሚያዘው የእኛ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ደግሞ መንታው ፈትሾታል።»

«መንታው ማነው?»

«ሰው አይደለም፣ መሣሪያ ነው። ከውጭ ነው ያስመጣነው። የሕንፃውን መንታ ኮምፒዩተር ውስጥ ይሠራል፤ ፕሮግራማችንን እዚያ ላይ እናስኬደዋለን። መንታው ላይ ያልወደቀ ፕሮግራም እውነተኛው ሕንፃ ላይም አይወድቅም። ጣሪያው ላይ ያለው ዓይን ሰው ይቆጥራል፤ ሰው ካለ ጋዝ አይለቀቅም። መንታው ይህንንም ፈትሾ አረንጓዴ አሳይቷል።»

«ሰውየው ግን ሞቷል።»

ሎክ ከረባቱን አላላ።

«የእሱ ሥራ ምን ነበር?»

«መንታውን መመርመር። ሆስፒታሉ ነው የጠየቀው፤ ‹በዚህ መሣሪያ ከመተማመናችሁ በፊት የማይችለውን ነገር ፈልጋችሁ ንገሩን› አሉን። አንድ ፎቅ ሙሉ በሽተኛ በእኛ ፕሮግራም ሊጠበቅ ነውና ፈሩ። ካይ ሲቆፍር ከረመ፤ ያገኘውን ዛሬ በእነሱ ፊት ሊናገር ነበር።»

«ምን አገኘ?»

«ነግሮኝ ያውቃል? ዝምተኛ ነው።» ቆም አለና «ነበር» አለ።

የቢክ ረዳት ሃምሳ አለቃ ቲየን ከኮምፒዩተሮቹ መካከል ብቅ አለ። ጋዙ እንዲለቀቅ የታዘዘው በካይ ስም፣ ከካይ ኮምፒዩተር ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት ሲሆን፣ የሚፈጸመው ሁሉም ከተኛ በኋላ እንዲሆን ተደርጓል።

«ይኸው፤ ራሱን በራሱ ነው» አለ ሎክ። ትንሽ አሰበና የሚሻለውን መረጠ። «ወይም ዳት ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ትናንትም በሰው ፊት ሰድቦታል። ሻለቃ፣ ልጁን ይዛችሁ ውጡልኝ። በሰንሰለት ሲወጣ እንግዶቹ ቢያዩት አይከፋኝም። ጥፋቱ የሰው እንጂ የመሣሪያው እንዳልሆነ ይገባቸውና ይፈርማሉ።»

ዳት ይህን ሁሉ ይሰማል። እናቱ ከሕንፃው በር ሥር ኑድል ትሸጣለች፤ በሰንሰለት ቢወጣ የሚያልፈው በእሷ ድስት አጠገብ ነው። አንገቱን ደፋ።

ቢክ ግን ሎክን ትታ ወለሉን ታይ ነበር። ከሰርቨር ክፍሉ በር ግርጌ፣ በአገራችን ቢሮ ሁሉ እንዳለው፣ የምድሩ አምላክ የኦንግ ዲያ ትንሽ መቅደስ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቦርጫሙ አምላክ ይስቃል፤ ከፊቱ ሙዝና አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀርቦለታል። በመስታወት የተከለለችው የዘይት ኩራዝ ግን ጠፍታለች።

«ይህችን ማን አበራት?»

«እኔ» አለ ሎክ። «የጨረቃ ወር መባቻ አይደል። ጠዋት ዘይቷን ሞልቼ አበራኋት። ልተኛ ስልም ስትበራ አይቻታለሁ።» መጥፋቷን ያኔ ገና አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «ኦንግ ዲያ ፊቱን አዙሮብናል ማለት ነው።»

«ቢያዞርባችሁ አልፈርድበትም» አለች ቢክ። ዘይቷ ሙሉ ነው፣ ክሯም ደህና ነው። ክብሪት ጭራ አበራቻትና ቲየን እንዲጠብቃት አዘዘች። ኩራዟ ቀጥ ብላ በራች፤ ሰው አጠገቧ ቢመላለስም አልጠፋችም።

ሬሳው በቃሬዛ ሲወጣ ዳትን መስኮቱ ጋ ወስዳ አስቀመጠችው። ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ራሴን አሞኛል። ከነቃሁ ጀምሮ ያስመልሰኛል። በዚያ ላይ ደግሞ እናንተ መጣችሁ።»

«እኛ የመጣነው ለአንተ ብለን አይደለም። ትናንት ምን ብለህ ነው ሰውየውን የሰደብከው?»

«ይኼን ያህል ጊዜ አንድ መሣሪያ ላይ ተጎልቶ እኛን ሥራ አስፈታን። ‹ጋሼ ካይ፣ እስቲ አንድ ጥፋት አሳየኝና አፌን ልዝጋ› አልኩት። አለቃችንን እትዬ ቶዋን አየት አደረገና ዝም አለኝ። ዝም ሲለኝ ባሰብኝ፤ ፈሪ አልኩት።» ዓይኑ ቀላ። «ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም።»

«መሣሪያውን ታምነዋለህ?»

«አምነዋለሁ። ራሴ ሞክሬዋለሁ። መንታው ውስጥ ሰዎች አስገብቼ፣ እየሄዱ፣ እየሮጡ፣ ተቀምጠው እየሠሩ። ሁሉንም ቆጠራቸው፣ ጋዙም አልተለቀቀም።»

«የካይን ኮምፒዩተር ማን ሊከፍት ይችላል?»

«መክፈት ምን ያስፈልጋል? ምሳ ስንወጣ ማናችንም አንዘጋውም። እርስ በርሳችን እንተማመናለን።» ይህን ሲል ራሱን አሳፈረው መሰለኝ፣ ዞር አለ።

«የት ነው የተኛኸው?»

በአገጩ ወደ ኦንግ ዲያ አመለከተ። «በሩ ሥር። ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ሽው ይላል፤ የቢሮው ምርጥ ቦታ ነው። የእትዬ ቶዋ ቦታ ነው፤ ዛሬ ለእኔ ለቀቀችልኝ።»

«ደግ ናት ማለት ነው።»

«እሷ? ለሰላምታዬ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም።»

ወይዘሮ ቶዋ የፈታሾቹ ኃላፊ ናት። መንታውን ከውጭ ያስመጣችው፣ ሎክን ያሳመነችው፣ «አይሳሳትም» ብላ ስሟን ያስያዘችለት እሷ ናት። ውሉ ከተፈረመ የአዲሱ ቅርንጫፍ ኃላፊ እንደምትሆን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። የወረቀት ማራገቢያዋን እያራገበች ተቀመጠች፤ የቢክን ሄልሜት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ቶሎ ይጠይቁኝ፤ ሥራ አለብኝ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ። መሣሪያዎ እንከን የለውም?»

«እንከን ያለው ሰው ነው። ካይ ያልተበላሸ ነገር ሲነካካ ሞተ። ነገር የሚፈልግ ሰው አያጣውም።»

«አሟሟቱ አላሳዘነዎትም?»

«ሳለቅስ ማየት ነው የሚፈልጉት?»

«አይ፣ እንደሱስ አልጠበቅኩም። ጋዙ ከክፍሉ ወደዚህ ሊወጣ ይችላል?»

«አይችልም። መንታው ‹በሩ ምንም አያሳልፍም› ብሏል። ካላመኑኝ ቢሮውን ይጠይቁ፤ እዚህ ከገባን ጀምሮ የተኛሁት እዚያ በር ሥር ነው።»

«ዛሬስ?»

ማራገቢያዋ ቆመ፤ ወዲያው ቀጠለ። «ዛሬ ልጁ ደክሞት ስላየሁ አዘንኩለት። መስኮቱ ጋ ሁለት ወንበር ገጥሜ ጋደም አልኩ።»

«በዚህ ፀሐይ፣ መስኮት ጋ?»

«ወገቤን ያመኛል።»

«ወገቡን የሚያመው ሰው ወንበር ላይ አይተኛም።»

«ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም። ወገቤን የሚያመኝ ሴት ነኝ።» ቢክ ተነሣች። «ካይ ያገኘውን ነግሮዎት ነበር?»

«ለምን ብሎ ለእኔ ይነግረኛል?»

ቢክ መልሱን ታውቀዋለች። የእኛን ሰው ጠባይ ማን ያጣዋል? የአለቃውን ጥፋት ያገኘ ሰው በቀጥታ አደባባይ አይወጣም። አስቀድሞ ለብቻ ይሄዳል፣ በር ይዘጋል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይነግራል። አለቃውን በሰው ፊት ላለማዋረድ ነው። ካይ ደግሞ ጨዋ ነበር።

የሆስፒታሉ ሰዎች ታች ደርሰዋል የሚል ስልክ ሲመጣ ሎክ ተቁነጠነጠ። «ሻለቃ፣ ልጁን አሁን ይውሰዱልኝ። ለምነናል፣ ይብቃ።»

«ሁላችሁንም እፈልጋችኋለሁ» አለች። «በሩ ጋ ተሰብሰቡ። ቲየን፣ የወይዘሮ ቶዋን ሰሌን አምጣ።»

ሎክ፣ ዳትና ቶዋ ቆሙ። ቢክ ሰሌኑን በሩ ሥር ዘረጋችው።

«ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ታንኩ ውስጥ ገና ጋዝ አለ። አቶ ሎክ፣ መንታው ይህ በር ምንም አያሳልፍም ብሏል አይደል?»

«ብሏል።»

«ያምኑታል?»

«ለሆስፒታል እየሸጥኩት እንዴት አላምነውም?»

«እንግዲያው እዚህ ይተኙ። እኔ ጋዙን አስለቅቃለሁ።»

ሎክ ሳቀ፤ የሚስቅ ሌላ ሰው ሲያጣ ተወው። ኮቱን አወለቀ፣ እያጉረመረመ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ሆዱ ከኦንግ ዲያ ሆድ ጋር ጎን ለጎን ሆነ። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህን ሰው አልወደውም፤ ያን ሰዓት ግን ከልቡ ያመነ ሞኝ መሆኑን እመሰክርለታለሁ።

«አንተስ?» አለችው ዳትን።

ዳት ጥርሱን ነክሶ ከሎክ አጠገብ ተዘረጋ። «ይለቀቅ» አለ። «ሰንሰለቱ ይቅርልኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ልቀቁ።»

«ወይዘሮ ቶዋ፣ ሰሌኑ የእርስዎ ነው።»

ቶዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም። «ይህ የፖሊስ ሥራ አይደለም፤ ሰው ማዋረድ ነው።»

«ሁልጊዜ የሚተኙበት ቦታ ነው።»

«ወገቤን አሞኛል ብያለሁ።»

«ወለል ለወገብ ደግ ነው። ይተኙ።»

«አልተኛም» አለች ቶዋ። ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

ቢክ ወደ ተጋደሙት ዞረች። «ተነሡ። ታንኩን ቲየን ቀድሞ ነቅሎታል፤ ማንንም አልገድልም።»

ሎክ ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ። «ምንድነው ይህ ሁሉ?»

«ከኩራዟ ልጀምር» አለች። «ዘይቷ ሙሉ፣ ነፋስ የማይደርስባት፣ ሰው ያልነካት። በቀትር ግን ጠፋች። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። በበሩ ሥር ሾልኮ ወጣና አጠፋት። ከኩራዟ ቀጥሎ የተኛው ዳት ነው፤ ከነቃ ጀምሮ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ትንሽ ቢቆይ ሁለት ሬሳ ነበር የማገኘው።»

«በሩ ግን አያሳልፍም» አለ ሎክ። «መንታው…»

«መንታው። እናንተ ሁላችሁ ከዚያ በር ሥር በሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ለመተኛት ትሻማላችሁ። አየር እየወጣ በቆዳችሁ ይሰማችኋል። ከዚያ ስትነቁ ‹በሩ ምንም አያሳልፍም፣ መሣሪያው ብሏል› ትላላችሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር የትም አይቼ አላውቅም።»

ሎክ ወደ በሩ ሥር አየ።

«አሁን ካይ ያገኘው ምንድነው? ዳት የሚሄድ፣ የሚሮጥ፣ የሚቀመጥ ሰው ሞክሯል። የተኛ ሰው አልሞከረም። ለምን? መሣሪያው ውስጥ የተኛ ሰው የሚባል ነገር የለም። የሠሩት ሰዎች አገር ቢሮ ወለል ላይ ማንም አይተኛም። ዓይኑ የሚቆጥረው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው፤ ፀጥ ብሎ የተኛ ሰው ለእሱ ባዶ ክፍል ነው። ካይ እየተኛ አገኘው። አሁን ሆስፒታሉን አስቡት፤ ፎቁ ሁሉ የተኛ ሰው ነው።»

ዳት አፉን በእጁ ያዘ።

«ይህን የሚያውቅ ሰው ራሱ ሊተኛበት ባለ ክፍል ጋዝ አያዝም፤ ስለዚህ ካይ አይደለም። ዳትስ? ዳት መንታውን ከልቡ ያምናል። አቶ ሎክም ያምናሉ፤ ሁለቱም እዚህ ተጋድመው አሳይተውኛል። መንታውን የሚያምን ሰው ደግሞ ‹ክፍሉ ውስጥ ሰው ካለ ጋዙ አይለቀቅም› ብሎ ያምናል። እንዲህ የሚያምን ሰው ካይን በዚህ መንገድ ለመግደል አያስብም፤ አይሆንምና። ገዳዩ መንታውን የማያምን ሰው ነው።»

ወደ ቶዋ ቀረበች።

«በዚህ ፎቅ መንታውን የማያምን ሰው ሁለት ነበር። አንዱ ሞቷል። ሌላው ዛሬ ብቻ ምርጥ ቦታውን ለሚጠላው ልጅ ለቆ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ሁለት ወንበር ላይ ተኛ። እርስዎ ካይ ከነገረዎት በኋላ መሣሪያውን መርምረዋል፣ ወይዘሮ ቶዋ። ‹የተኛ ሰው ካላየ፣ በሩ አያሳልፍም ማለቱንስ ማን ያምናል› አሉ። ለእነዚያ ሁሉ በሽተኞች ይበቃል ያሉት መሣሪያ ለእርስዎ ለአንድ ቀትር አልበቃም።»

ቶዋ ማራገቢያዋን አጠፈች። እንባ አልነበራትም፤ ያላት ንዴት ብቻ ነው።

«ካይ መጥቶ በሩን ዘጋ» አለች። «ሁለት እጁን አጣምሮ ‹እትዬ› አለኝ። እንደ ጥፋተኛ እየተቅለሰለሰ። ‹እኔ ከምናገረው እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው፣ ክብርዎ አይነካም› አለኝ። እሱ ነው ለእኔ ክብር የሚያስብልኝ? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ልጁስ?» አለች ቢክ። «እዚያ ስታስተኚው ይሞታል ብለሽ አልፈራሽም?» አንቱታው ቀርቷል።

«ቦታው ባዶ ቢሆን ሰው ይጠይቅ ነበር» አለች ቶዋ።

ዳት ሊንደረደር ሲል ቲየን መሐል ገባ። ለዳት የታሰበውን ሰንሰለት በቶዋ እጅ አደረገውና ይዟት ወጣ።

«ካይ እኮ ያውቅ ነበር» አለ ሎክ ድምፁ ደክሞ። «ዓይኑ እንደማያየው እያወቀ ለምን እዚያ ይተኛል?»

«ሰው ካላዘዘው ጋዝ አይለቀቅማ። መሣሪያውን መረመረ፤ እናንተን አልመረመረም።» ቢክ ሄልሜቷን አነሣች።

የአሳንሰሩ በር ተከፍቶ የሆስፒታሉ ሰዎች ገቡ። ፊት ፊት የምትመራው ነጭ ፀጉር ያላት ሐኪም እስክሪብቶዋን በእጇ ይዛለች። ሎክ ፈገግታውን ሊፈልግ አፉን ከፈተ። ዳት ቀደመው፤ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገባና በካይ ሰሌን ላይ ተኛ። እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህ ምንድነው?» አለች ሐኪሟ።

«የሰው ቆጣሪውን ስክሪን ያንብቡላቸው» አለች ቢክ ሎክን።

ሎክ በመስታወቱ ውስጥ የተኛውን ልጅ አየ፤ ስክሪኑን አየ። «ክፍሉ ባዶ ነው» ብሎ አነበበ።

ሐኪሟ ልጁንም ስክሪኑንም አየች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችና ባልደረቦቿን አስከትላ ተመለሰች፤ ሎክም አልተከተላት።

ዳት ግን ቶሎ አልተነሣም። ከንፈሩ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ፈሪ ብሎ የሰደበውን ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ነበር። ስክሪኑም ልጁ እስኪነሣ ድረስ እዚያ ማንም የለም ሲል ቆየ።